ክሊኒክ ውስጥ ስልክ ከሕክምና መሣሪያ ስንት ሜትር ይራቅ? (ጅማ)

#1 ሲስተር ሜንቲና

ሰላም ለሁላችሁ። ሜንቲና በኩል ላለ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ የስልክ አጠቃቀም ማስታወቂያ እንደ አዲስ ልንጽፍ ነው። እስካሁን የተለጠፈው «ስልክ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ነው። የሚያከብረው የለም፤ ደም ሲፈለግ፣ መድኃኒት ሲታዘዝ፣ ቤተሰብ ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ሲጠራ አስታማሚው የሚደውለው በስልኩ ነውና። ሰው ሊያከብረው የሚችል፣ በሜትር የተለካ ሕግ እንፈልጋለን።

ያለን ዕቃ፦ ሁለት የሕሙማን ሞኒተር፣ አንድ ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ)፣ ሁለት ኢንፊውዥን ፓምፕ (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥ)፣ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራ)፣ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በረንዳው ላይ ኔትወርክ ሙሉ ነው፤ ከጀርባ ባለው ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ግን አንድ ባር ብቻ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል።

ስንት ሜትር እንበል? የሠራተኛና የአስታማሚ ስልክ ልዩነት አለው? ፔስሜከር (ደረት ውስጥ ገብቶ ልብን የሚያስመታ መሣሪያ) ያለው ታካሚ ሲመጣስ? ከአጥሩ ማዶ ስላለው ታወርም ሰው ሁልጊዜ ይጠይቀናል። የምታውቁ ጻፉልን።

#2 ባዮሜድ ቆጪ

ሲስተር፣ ሜትሩ በግምት የሚነገር አይደለም፣ ይሰላል። የስልኩን የማሰራጫ ኃይል በዋት ይውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፣ በ7 ያባዙ፣ በርቀቱ በሜትር ያካፍሉ። የሚገኘው የሞገዱ የመስክ ጥንካሬ ነው፤ መለኪያው ቮልት በሜትር ይባላል።

በ2ጂ፣ በ900 ሜጋኸርዝ ሲደወል ስልክ እስከ 2 ዋት ያሰራጫል። 30 ሳንቲ ሜትር ላይ 33 ቮልት በሜትር ገደማ፣ 1 ሜትር ላይ 10፣ 3.3 ሜትር ላይ 3 ይሆናል። በ4ጂ ከፍተኛው 0.2 ዋት ስለሆነ 1 ሜትር ላይ ወደ 3 ቮልት በሜትር ነው። ማለትም 4ጂ በ1 ሜትር የሚያደርገውን 2ጂ ከ3 ሜትር በላይ ርቆም ያደርገዋል።

ቀጥሎ መሣሪያው ምን ያህል ይችላል የሚለው ነው። የሕክምና መሣሪያ የሚፈተነው አይኢሲ 60601-1-2 በሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን እትም ተከትሎ የተሠራ ተራ መሣሪያ የተፈተነው በ3 ቮልት በሜትር ነው፤ እንደ ቬንቲሌተር (መተንፈሻ መሣሪያ) ያለው ሕይወት የሚያቆይ ደግሞ በ10። በ2014 የወጣው አራተኛ እትም ስልክ መሣሪያው አጠገብ መምጣቱ እንደማይቀር ተቀብሎ፣ በስልክ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ እስከ 28 ቮልት በሜትር እንዲፈተን አዘዘ። ይህ 2 ዋት ስልክ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆን የሚፈጥረው ነው (መስፈርቱ በ7 ፈንታ በ6 ስለሚያባዛ ከእኔ ስሌት ትንሽ ያንሳል)።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማስታወቂያ መጻፍ ሳይሆን የእያንዳንዱን መሣሪያ መመሪያ ከመጨረሻ ገጾች መክፈት ነው። ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ተስማሚነት፣ ማለትም መሣሪያው የሞገድ ረብሻን ስለመቋቋሙ፣ የሚናገር ሠንጠረዥ አለ። «3 ቮልት በሜትር» ብቻ ካለ 3.3 ሜትር ያስፈልገዋል። 28 የሚል ካገኙ ችግሩ ቀሏል። በእርዳታ የመጣ አሮጌ ፓምፕና ሞኒተር አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ መመሪያው ከሌለ እንደ 3 ይቁጠሩት።

የሠራተኛ ስልክ ሞገዱ አይለይም። እንዲያውም የሚብሰው እሱ ነው፤ ነርሷ የፓምፑን ቁልፍ ለመንካት ስታጎነብስ በጋውኗ የደረት ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ከፓምፑ 20 ሳንቲ ሜትር አይርቅም። አስታማሚው ግን ብዙውን ጊዜ ከአልጋው እግርጌ ነው።

#3 ሞገድ ጂረን

ባዮሜድ ያስቀመጠው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን 2 ዋቱ ሁልጊዜ 2 ዋት እንዳልሆነ ይታወቅ። ስልክ ኃይሉን ታወሩ በሚነግረው ልክ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። በ2ጂ ከ2 ዋት እስከ 3 ሚሊዋት ገደማ መውረድ ይችላል፤ 3ጂ ደግሞ በሰከንድ 1500 ጊዜ ያስተካክላል። ሙሉ ኔትወርክ ያለበት በረንዳ ላይ የሚደወል ስልክ ከጀርባው ክፍል ከሚደወለው በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ኃይል ሊያወጣ ይችላል።

የሲስተር ክሊኒክ ዋናው ችግር እዚህ ጋ ነው። አንድ ባር ያለበት ክፍል መሣሪያዎቹ ያሉበት ክፍል ሆኗል። ቆርቆሮውና ብሎኬቱ ሞገዱን ስለሚያስቀሩት ስልኩ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮኻል፣ ማለትም ሞገድ ያሰራጫል። 4ጂ ሲጠፋ ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ 4ጂ ላይ ያለ ስልክም ቢሆን ድምፅ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን በባር አትገምቱ፣ በቁጥር እዩት። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ አባውት ፎን፣ ቀጥሎ ሲም ስታተስ ሲገባ የሲግናል ጥንካሬ ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ይጻፋል። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ነው፤ ከዜሮ በራቀ መጠን ደካማ ነው። በረንዳው ላይ −75፣ ከጀርባው ክፍል −105 ካሳየ ልዩነቱ 30 ነው፤ በየ10ሩ 10 እጥፍ ስለሆነ ይህ 1000 እጥፍ ነው። የክሊኒኩን ክፍል ሁሉ እየዞሩ አንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የመደወያ ቦታ የሚመረጠው በዚያ ነው።

ሌላም አለ። በ2ጂ ጥሪ ሲጀመር ስልኩ መጀመሪያ የሚጮኸው ታወሩ በሚፈቅደው ከፍተኛ ኃይል ነው፣ ከዚያ ነው የሚወርደው። ቴፕ ወይም ስፒከር አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ከመጥራቱ በፊት «ድድድ፣ ድድድ» የሚያሰማው ለዚህ ነው። ሞገዱ ያለማቋረጥ አይወጣም፤ በሰከንድ 217 ጊዜ እየተቆራረጠ ይወጣል፣ ያ 217 ደግሞ ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ነው። ኢሲጂ ማጉያም እንደ ስፒከሩ ማጉያ ይህንኑ ይይዘዋል። ስለዚህ «አላነሣሁትም እኮ» የሚል አስታማሚ ስልኩ ዝም ብሏል ማለት አይደለም፤ ሲጠራም፣ ቦታ ሲያሳውቅም ያሰራጫል።

#4 ሲስተር ሜንቲና

በጣም አመሰግናለሁ። መሣሪያው ሲረበሽ በዓይን ምን ይታያል? ሞኒተሩ ሲዘበራረቅ አንዳንዱ ወዲያው «ስልክ ነው» ይላል፣ ሌላው «መብራት ነው» ይላል።

#5 ባዮሜድ ቆጪ

አብዛኛውን ጊዜ ስልክ አይደለም። መጀመሪያ ኤሌክትሮዱን ይዩ፤ ጄሉ ደርቋል ወይ፣ ደረቱ ላይ ላብ አለ ወይ፣ ገመዱ ተሰብሯል ወይ። ቀጥሎ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ)። በ50 ኸርዝ መብራት የተነሣ ረብሻ የኢሲጂውን መስመር እኩል እያወፈረ ያለማቋረጥ ይቆያል። የስልክ ረብሻ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ስልኩ ሲርቅ ወይም ሲጠፋ ወዲያው ይቆማል። ሁለቱን የሚለየው ይኸው ነው።

ስልክ ሲሆን ኢሲጂው ላይ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር የመሰለ መስመር ይታያል፤ ሞኒተሩም ያንን እንደ ልብ ምት ቆጥሮ የሐሰት ቁጥር ያወጣል። ፓምፕ ላይ አደገኛ ነው፤ ያለምክንያት አላርም ሰጥቶ ሊቆም፣ ከዚያም በባሰ ፍጥነቱ ሊዛባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኔዘርላንድ ውስጥ በታተመ ፍተሻ ከ61 የጽኑ ሕሙማን መሣሪያዎች 26ቱ በስልክ ሞገድ ተረብሸዋል። ያስቸገራቸው ርቀት ግን መካከለኛው 3 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ የባሰውም 2ጂው ነበር። ጥቂቶቹ ግን በጣም ርቆም ተረብሸዋል፤ ሜትር የምናስቀምጠው ለእነዚያ ነው።

ራሳችሁ ፈትሹት። ታካሚ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ላይ ፈጽሞ አይሞከርም። ፓምፑን ውኃ ሞልታችሁ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ላይ አድርጉ፤ ቱቦውን በሚሊ ሊትር የተለካ ብልቃጥ ውስጥ አስገቡ። በ10 ደቂቃ 10 ሚሊ ሊትር መውረድ አለበት። ከዚያ ስልኩን በሴቲንግ 2ጂ ብቻ አድርጋችሁ፣ ደካማ ኔትወርክ ባለበት በዚያው ክፍል ደውሉ። ከ2 ሜትር ጀምሩ፣ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ቅረቡ፣ በየደረጃው ጥሪውን ዝጉና እንደገና ደውሉ፣ ምክንያቱም ሞገድ ጂረን እንዳለው የሚከፋው መጀመሪያው ነው። ስልኩን በስክሪኑ ፊት ብቻ ሳይሆን በገመዱ ዙሪያም አዙሩት። 900 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 33 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሩቡ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ የሞኒተር ገመድ ከዚያ ስለሚረዝም እንደ አንቴና ይቀበላል። የተረበሸበትን ርቀት ጽፋችሁ በሁለት አባዙ፣ የዚያ መሣሪያ ርቀት ያ ነው። ከ1 ሜትር ቢያንስም 1 ሜትር በሉት።

ሌላ፣ ሞገድ ያልሆነ ነገር ግን በስልክ የሚመጣ አደጋ አለ። ርካሽ ቻርጀር ሞኒተሩ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ አይሰካ፤ ረብሻውን በመብራቱ መስመር ያስገባል። ኦክስጅን የሚወስድ ታካሚ ብርድ ልብስ ውስጥ ደግሞ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ፈጽሞ አይቀመጥ። ባትሪው ቢግል ኦክስጅን የጠጣ ጨርቅ በቀላሉ ይነዳል። እኔ ከሞገዱ ይልቅ ይህ ያስፈራኛል።

#6 ፈረንጅ አራዳ ቴክ

የጥበቃዎቹን የሬዲዮ መገናኛ ማንም አላነሣም። በእጅ የሚያዘው አብዛኛው 4 ወይም 5 ዋት ነው። በባዮሜድ ቀመር 5 ዋት 1 ሜትር ላይ ከ15 ቮልት በሜትር ይበልጣል፤ ወደ 3 ለመውረድ 5 ሜትር ከ20 ይፈልጋል። ኃይሉንም አይቀንስም፣ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ሙሉውን ያወጣል። ከፓምፕ ክፍል በር ላይ ቆሞ የሚያወራ ጥበቃ ከአምስት አስታማሚ ስልክ የከፋ ነው። 6 ሜትር ብላችሁ ጻፉ።

#7 ሰርቦ

አንድ ጥያቄ፦ ፔስሜከር የገባለት ሽማግሌ ቤት ውስጥ ካለ ስልክ መጠቀም ይችላል?

#8 ባዮሜድ ቆጪ

ይችላል። ስልኩ ፔስሜከሩ ካለበት ቦታ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። አብዛኛው ሰው ላይ በግራ ደረት ስለሚገባ በቀኝ ጆሮ ያውሩ፣ የደረት ኪስ ውስጥ አያስገቡ። አሁን አሁን ከሞገዱ ይልቅ ማግኔቱ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው፤ ጀርባቸው ላይ ማግኔት ያላቸው ስልኮች፣ ማግኔት ያለው የስልክ ከረጢት፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የጆሮ ማዳመጫ። ፔስሜከር ማግኔት ሲቀርበው የልብን ምት ማዳመጥ ትቶ በራሱ ቋሚ ፍጥነት ይመታል። ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው ዓይነት መሣሪያ ደግሞ ማግኔቱ እስካለ ድረስ የኤሌክትሪክ ንዝረት መስጠቱን ሊያቆም ይችላል። ማግኔቱ ሲርቅ ወደ ሥራው ይመለሳል። ያለ ገመድ ቻርጅ ከሚያደርግ ሰሌዳ ደግሞ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ይራቁ። ማዞር ወይም የልብ መዛባት ከተሰማቸው ስልኩን አርቀው ለሐኪማቸው ይንገሩ። የመሣሪያቸውን መታወቂያ ካርድ ሁልጊዜ ይያዙ።

#9 ቦሳ አዲስ

ስለ ታወሩስ? ሰፈራችን ውስጥ ከቤት ጣሪያ በላይ ቆሞ ሕፃናት ሥሩ ይጫወታሉ። ካንሰር ያመጣል የሚባለው እውነት ነው ወይስ አይደለም? ቁርጡን ንገሩን።

#10 ሞገድ ጂረን

በቁጥር እንየው፣ ወንድሜ። አንድ አንቴና 40 ዋት ቢገባለትና ሞገዱን ወደ ፊት 50 እጥፍ ቢያሰባስብ፣ በፊት ለፊቱ እንደ 2000 ዋት ነው። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ለሕዝብ የፈቀደው በ900 ሜጋኸርዝ 4.5 ዋት በካሬ ሜትር ነው፣ በ1800 ደግሞ 9፣ ከ2000 በላይ 10። 2000 ዋት ወደ 4.5 የሚወርደው ከአንቴናው ፊት 6 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 50 ሜትር ላይ፣ በቀጥታ ፊቱ ላይ ቢቆም እንኳ፣ 0.064 ነው፤ ከተፈቀደው 70 ጊዜ ያንሳል። ጨረሩ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ወደ አድማስ ነው የሚያየው፤ ማማው ሥር የሚደርሰው ከዚህም በጣም ያነሰ ነው። ብዙ አንቴና ካለ ይደመራል፣ ቢደመርም ስሌቱ አይገለበጥም። ሥሩ የሚጫወቱ ልጆች የሚያሰጋቸው መውጣትና የጀነሬተሩ ገመድ ነው፤ አጥሩ ይዘጋ።

ካንሰርን በተመለከተ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» ከሚለው 2ለ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ዋናው መነሻው ጭንቅላት ላይ ተደግፎ ለዓመታት የሚወራበት ስልክ እንጂ ታወር አልነበረም። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ሰፊ ግምገማ በስልክ አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ዝምድና አላገኘም። ሞገዱ ከአቶም ኤሌክትሮን የሚነጥል ጉልበት የለውም፤ የተረጋገጠው ሥራው ማሞቅ ነው፣ ገደቦቹም የተሠሩት በዚያ ላይ ነው። ለስልክ የተፈቀደው በጭንቅላትና በደረት 10 ግራም ሥጋ ላይ ተሰልቶ 2 ዋት በኪሎ ግራም ነው። ብዙ ስልኮች *#07# ሲደወልባቸው የራሳቸውን ቁጥር ያሳያሉ።

ታወር ከሰፈሩ ይነሣ የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ታወሩ ሲርቅ ጆሮ ላይ ያለው ስልክ ኃይሉን ይጨምራል። ለአንድ ሰው ጭንቅላት ከሩቅ ታወር ይልቅ የራሱ ስልክ ነው የሚበዛበት። ለዚያም መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ላውድ ስፒከር ወይም ባለ ገመድ ኢርፎን፣ ኔትወርክ ደካማ ሲሆን አጭር ጥሪ ወይም ጽሑፍ። ጨረር ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠውን ተለጣፊ አትግዙ፤ አንቴናውን ከሸፈነ ስልኩ ይበልጥ ይጮኻል፣ ካልሸፈነ ምንም አያደርግም።

እውነተኛው አደጋ ያለው ጣሪያ ላይ ለሚሠራ ሰው ነው። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ የሚጠግን፣ ዲሽ የሚተክል፣ ቀለም የሚቀባ፣ አንቴናው ያለበት ሕንፃ ላይ ከሆነ ከፓነሉ ፊት ለፊት አይቁም። ነጩ ረጅም ሣጥን በሚያይበት አቅጣጫ ቢያንስ 6 ሜትር፤ ከኋላው ማለፍ ይቻላል። ፊቱ ላይ መሥራት ግድ ከሆነ አንቴናውን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ያንን አቅጣጫ እንዲያጠፋ ይጠየቃል፣ ጠፍቷል የሚል ማረጋገጫ ሳይመጣ አይወጣም።

#11 ሲስተር ሜንቲና

ከጀርባው ክፍል ኔትወርክ እንዲገባ ማጠናከሪያ ተገዝቶ ቢተከልስ? ስልኮቹ ኃይላቸውን ይቀንሱልናል ማለት አይደለም?

#12 ሞገድ ጂረን

ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ዕቃው ግን አደገኛ ነው። ከገበያ የሚገዛው ማጠናከሪያ ብዙ ጊዜ 70 ዲቢ ያጎላል (ዲቢ ሲግናል ምን ያህል እንደጎላ ወይም እንደቀነሰ መለኪያ ነው)። የውጩ አንቴናና የውስጡ አንቴና እርስ በርስ እንዳይሰሙ በመካከላቸው ከማጉያው 15 የሚበልጥ፣ ማለትም 85 ዲቢ መለያየት መኖር አለበት። በ900 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ርቀት የሚሰጠው 51 ብቻ ነው። ቀሪውን 34 ቆርቆሮውና የአንቴናው ጀርባ ካልሞሉት ዕቃው የራሱን ድምፅ እያዳመጠ ይጮኻል፣ ታወሩም ጩኸቱን ይሰማል፣ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ከዚያ በላይ ለመሰማት ኃይል ይጨምራል። ማለትም ለመቀነስ የፈለጋችሁት ይባባሳል። ደግሞም እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ ፈቃድ አይተከልም፤ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። ለቴሌኮሙ አመልክታችሁ ራሱ እንዲተክል አድርጉ።

እስከዚያው ዋይፋይ ይሻላል። ራውተር በ2.4 ጊጋኸርዝ 0.1 ዋት ገደማ ነው፤ ከመሣሪያ 2 ሜትር ርቆ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ሠራተኛው ኤርፕሌን ሞድ አብርቶ ከዚያ ዋይፋዩን ብቻ ይክፈት፤ ቴሌግራሙም ጥሪውም ይሠራል፣ 2ጂው ግን ጭራሽ አይጮኽም። ዋይፋይ ብቻ መክፈት አይበቃም፣ ሲሙ ከጀርባ ታወር መፈለጉን አያቆምም።

#13 ሲስተር ሜንቲና

ይህን አርቅቄያለሁ፣ እረሙልኝ፦

«ስልክዎን በረንዳው ላይ ካለው ወንበር ሆነው ይደውሉ። በተኝቶ መታከሚያ ክፍል ጥሪ አያድርጉ፣ አያንሡ፤ ስልክዎ በኤርፕሌን ሞድ ይሁን። ስልክ ከፓምፕ፣ ከሞኒተርና ከማሞቂያው 1 ሜትር ይራቅ። አልጋ ላይ ወይም በክሊኒኩ መሰኪያ ስልክ ቻርጅ አይደረግም። ፔስሜከር ካለዎት ሲገቡ ይንገሩን።»

#14 ባዮሜድ ቆጪ

1 ሜትሩ ፊት ለፊት ላሉት ክፍሎች ይበቃል። ለጀርባው ክፍል 3 ሜትር ከግማሽ በሉ፤ ፓምፖቹ አሮጌ ከሆኑ 1 ሜትር አይበቃቸውም፣ ኤርፕሌን ሞድ ያላደረገ ሰውም አይታጣም።

#15 ሞገድ ጂረን

ክፍሉ ራሱ 4 ሜትር በ4 ከሆነ 3 ሜትር ከግማሽ ማለት «አትግባ» ማለት ነው፣ ያኔ እንደ አሮጌው ማስታወቂያ ማንም አያየውም። 1 ሜትር ይሁን፣ ግን ጥሪ የሚባለው ከክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ረቂቁ ያንን ብሏል፣ አይነካ።

#16 ባዮሜድ ቆጪ

እሺ፣ ፓምፖቹ በውኃው ፍተሻ ካለፉ እስማማለሁ። ካላለፉ ፓምፑ ይቀየራል እንጂ ሜትሩ አይደለም። የሠራተኛ መስመር ግን ይጨመር፦ «ፓምፕ ከመንካትዎ በፊት ስልክዎን ከጋውን ኪስ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ።» የጥበቃ ሬዲዮ 6 ሜትሩም ረቂቁ ውስጥ አልገባም፣ ይጨመር።

#17 ፈረንጅ አራዳ ቴክ

የጀነሬተር ነገርም በአንድ መስመር ይግባ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ እያበሩ ቤንዚን መሙላት የተለመደ ነው። የስልክ ሞገድ ቤንዚን አቀጣጠለ የሚል የተረጋገጠ ነገር የለም፤ የሚያቀጣጥለው የጋለው ጭስ ማውጫና ከልብስ የሚወጣው የስታቲክ ብልጭታ ነው። ግን ስልክ ትነት ውስጥ እንዲሠራ አልተፈተነም። ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፣ ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ የሚያበራው ሌላ ሰው ከ3 ሜትር ርቆ ይቁም።

#18 ሰርቦ

ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞም ይጻፍ፣ ከሰቃና ከዴዶ የሚመጣው አብዛኛው አስታማሚ በዚያ ነው የሚያነበው። ለማያነበውም ወለሉ ላይ 1 ሜትሩን በቀለም መስመር አስምሩት። ቴፕ አትለጥፉ፣ በበረኪና ሲወለወል በሳምንቱ ይላቀቃል፤ ቢጫ ዘይት ቀለም ይሻላል።